በሰማይ የተለወጠ ውሃ

ስድስተኛው ቧንቧ አልፈሰሰም።

ረቡዕ ማለዳ፣ ለምረቃው ከተቀጠረው ሰዓት ቀድመው ቢጫ ጀሪካናቸውን ይዘው የተሰለፉት የሰፈሩ ሴቶች አምስቱ ቧንቧዎች አጓርተው ሲፈሱ እልል አሉ። ስድስተኛው ግን ሁለት ጊዜ ተነፈሰና ዝም አለ። የሕንፃው ዘበኛ ዐዋጢፍ ከጓሮ ወዳለው የሲሚንቶ ገንዳ ወጣ፤ የብረት ክዳኑን ገፋ አድርጎ ቁልቁል ተመለከተ፤ ከዚያም አማርኛም የበርታ ቋንቋም ያልሆነ ድምፅ አወጣ። ሴቶቹ ምን እንዳየ ሳይነገራቸው የቀዱትን ሁሉ መሬት ላይ ደፉት።

ከገንዳው ወለል ላይ የተጋደመው የማዘጋጃ ቤቱ የሕንፃ ተቆጣጣሪ ጂራታ ነበር። የኮቱ እጅጌ የስድስተኛውን ቧንቧ መውጫ ደፍኖታል።

ጊዜው የ1988 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ፣ የረመዳን ወር ነበር። ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ቢሮዎች ወንበር ሳይኖራቸው ማኅተም፣ ማኅተም ሳይኖራቸው ሹም ያገኙበት ዘመን። አሶሳም ከቀርከሃ ግድግዳ ወደ ሲሚንቶ ትንጠራራ ነበር። የከተማው ፕላን በዋናው መንገድ ዳር ከአንድ ፎቅ በላይ አይፈቅድም፤ ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ደንብ አወጣ፤ ለሕዝብ የሚበጅ ነገር ለሰጠ ሰው ከፍታ ይጨመርለታል። ነጋዴው ክንፈ በዚህ ደንብ ሁለት ተጨማሪ ፎቅ አገኘ። በምትኩ ጉድጓድ ሊያስቆፍር፣ ገንዳ ሊሠራ፣ ባለ ስድስት ቧንቧ ቦኖ ሊተክል ተዋዋለ። ሕንፃው ቆመ። ላይኞቹ ሁለት ፎቆች መስኮት አልገባላቸውምና ነፋስ በተነሣ ቁጥር ያፏጫሉ፤ ሰፈሩ በዚያ ፉጨት ሥር መኖርን ለምዶ ነበር።

መርማሪው ቀጄላ ሲደርስ አስከሬኑ ወጥቷል። የባምባሲ ልጅ ነው፤ አርባን የተሻገረ፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክል ሰው። የገንዳው ጣራ ላይ ወጣና ዙሪያውን ቃኘ። ከክዳኑ አጠገብ አንድ ረጅም ቀርከሃ ተጋድሟል። ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፤ ጂራታ የትኛውንም ጉድጓድና መሠረት የሚለካው በየስንዝሩ በቢላዋ ምልክት በተደረገበት በዚህ ቀርከሃ ነበር። ቀጄላ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱ ላይ ነጭ የሲሚንቶ ዱቄት ቀረ። ዱቄቱን ለጥቂት ጊዜ ተመልክቶ ጣቱን በመሐረብ ጠረገ፤ መሐረቡንም አጥፎ ኪሱ ከተተ።

*

«ይሄ ጉዳይ ምርመራ የሚባል ነገር አይፈልግም» አለ የፖሊስ አዛዡ። «ዘበኛው ሰኞ ዕለት ከሟቹ ጋር ተጣልቷል። ምስክር አለ።»

«በምን ተጣሉ?»

«በእንስራ።» አዛዡ ሳቅ አመለጠው። «እናቱ መንገድ ዳር ውሃ የምታስቀምጥበት አንድ ትልቅ እንስራ አላት፤ ዚር ይሉታል። ጂራታ ‹ለምረቃው ይሄ ይነሣ ተብሏል› አለው። ልጁ ‹ዚሩን የሚያነሣ እኔን ያንሣ› አለ። በማግስቱ ሰውየው ሞተ። ደግሞ ከታሰረ ወዲህ እህል አይቀምስም፤ ምግቡን እያየ ይተዋል። ንጹሕ ሰው ይርበዋል፣ ቀጄላ።»

«ጾም ላይ ነው እኮ ጌታዬ።»

«ጾመኛ ለማፍጠሪያ ያስቀምጠዋል፤ እሱ ግን ውሰዱልኝ ይላል! አርብ ለዐቃቤ ሕግ እንልከዋለን። ከላይ ሁለቴ ደውለውልኛል። የአዲስ ክልል ስም እንደ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ አንዴ እግር ካረፈበት ይቀራል።»

ቀጄላ መዝገቡን ብብቱ ሥር ከትቶ ወጣ። ከአምስት ዓመት በፊት ማንቡክ ሳለ እንዲሁ የተጣደፈ መዝገብ ነበረው። ቡሴ የተባለ ገበሬ። ማስረጃው ሁሉ ወደ እሱ ያመለክት ነበር፤ ቀጄላም ማስረጃውን ተከተለ። ቡሴ በሦስተኛው ቀን በገዛ ጋቢው ከማረፊያ ቤቱ ወጋግራ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። እውነተኛው ገዳይ የተያዘው ከወር በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀጄላ ብቻውን በተቀመጠበት ክፍል ሁሉ ከጀርባው አንድ ሰው የቆመ ይመስለዋል፤ የማይከስ፣ የማይናገር፣ ብቻ ተራውን የሚጠብቅ ሰው።

ከጣቢያው በር ላይ አንዲት ቀጭን አሮጊት ጋቢ ታቅፋ ቆማለች። የዐዋጢፍ እናት ኢቲዳል ነበረች።

«አንተ ነህ የሚመረምረው?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«ልጄ ጋቢ የለውም። ሲሚንቶ ይበርዳል። ይሄን ስጠው።»

«ጋቢ አይገባም።»

«ለምን? ጋቢ ምን አጠፋ?»

አሮጊቷ ፊቱን አጠናች፤ ከዚያ ጋቢውን ወደ ደረቷ መለሰች።

«ባሌ ሞተ፣ አንድ ዚር አስቀመጥኩ። የሱ ሰደቃ ነው፤ የጠጣ ሰው ‹አላህ ይማረው› ይላል። ሌላ ዚር የለኝም። ሰማህ ያ ወለዲ፣ ልጄ? ለዐዋጢፍ የሚሆን ሌላ ዚር የለኝም።»

*

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዋኘው በመተከል ደጋ የተወለደ፣ በወጣትነቱ በጤና ረዳትነት አገሩን የዞረ፣ ጸጉሩ ሳይሸብት ትከሻው የጎበጠ ሰው ነበር። የቢሮው መስኮት በቀጥታ ወደ ክንፈ ሕንፃ ይመለከታል።

«ተቀመጥ፤ ከውጭ ያቃጥላል» አለና ማሰሮውን አነሣ። ትንሽ ውሃ ብርጭቆው ውስጥ ጨምሮ አሽከረከረና በመስኮቱ በኩል አበባው ላይ ደፋው፤ ከዚያ ሞልቶ ለቀጄላ ሰጠው። «የድሮ ሥራዬ ያመጣብኝ ልማድ ነው። ከተማ መታመም የሚጀምረው ከብርጭቆው ነው።»

«ጂራታን በደንብ ያውቁት ነበር?»

«እጄ ነበር። እኔ ስሜን የምጽፈው እሱ ከለካ በኋላ ነው።» ድምፁ ተሰበረና ተጠገነ። «እንዲያው ሳስበው ያ ልጅ ምን ነካው? ለአንድ እንስራ?»

«የከፍታውን ደንብ ያወጡት እርስዎ ነዎት ይባላል።»

ዋኘው ወደ መስኮቱ ዞረ። «ይህ ከተማ ምን አለው? መንገድ የለው፣ ፋብሪካ የለው፣ ግምጃ ቤቱ ባዶ። አንድ ቀን እዚሁ ቆሜ ሳስብ ሰማይ እንዳለው አየሁ። የማንም ያልሆነ፣ ማንም ያልለካው ሰማይ። ‹ከዚህ ላይ ሁለት ክንድ እንስጥህ፣ አንተ ለድኻው ውሃ ስጥ› ብንልስ? ሳቁብኝ። ዛሬ ሰባት ነጋዴ ተመዝግቧል፤ አንዱ ለትምህርት ቤት ክፍል፣ አንዱ ለገበያው መጸዳጃ፣ አንዱ ለክሊኒክ። የክንፈ ቦኖ የበኩር ልጃቸው ነበር። እሱ ከወደቀ ሁሉም ይወድቃሉ።»

«ገንዳው መቼ ሞላ?»

«ሰኞ። ጂራታ ለክቶ ፈርሟል፤ እኔም ፈርሜያለሁ።»

«ማክሰኞ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«ባምባሲ፣ ስብሰባ ላይ። የገባሁት ከመሸ ነው። ወደ ሕንፃው ከሰኞ ወዲህ አልረገጥኩም።»

ቀጄላ ውሃውን ጠጥቶ ወጣ። ከኋላው፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ባዶዎቹ ፎቆች ያፏጩ ነበር።

*

ሐኪሙ ነገሩን በጥቂት ቃል ጨረሰው። «ሳንባው ውስጥ ውሃ የለም። ውሃው ሲያገኘው ሞቶ ነበር። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል።»

«በዱላ ተመትቶ?»

«ዱላ መስመር ይተዋል፤ ይህ በሰፊው የተሰነጠቀ ነው። ወለል ነው የመታው፤ ከከፍታ ወድቆ።»

ቀጄላ መሐረቡን አውጥቶ ገለጠው። ዱቄቱ አሁንም ነጭና ደረቅ ነበር። ገንዳው አራት ሜትር ጥልቀት አለው፤ ረቡዕ ጠዋት ውሃው ከቁመተ ሰው በላይ ነበር። ሰው እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ቢወድቅ ይሰምጣል እንጂ ጭንቅላቱ ወለል ላይ አይፈነከትም። ቀርከሃውም ውሃ ቢነካ ኖሮ ጫፉ ላይ ዱቄት አይቀርም ነበር። እንግዲህ ጂራታ በለካበት ሰዓት፣ በወደቀበትም ሰዓት ገንዳው ደረቅ ነበር። ውሃው የመጣው ከሬሳው በኋላ ነው። ያን ያህል ውሃ ደግሞ አንድ ዘበኛ በጀሪካን ተሸክሞ አያመጣም።

ወደ ማረፊያ ቤቱ ሄደ። ዐዋጢፍ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ምግቡ አልተነካም። ቀጄላ ሳያስበው ቀና ብሎ ወጋግራውን አየ።

«ማክሰኞ ገንዳው ጋ ማን መጣ?»

«ጂራታ መጣ። ቀርከሃ ይዟል። እኔ ዐስር ልሰግድ መስጊድ ሄድኩ። ስመለስ ማንም የለም፤ ክዳን ተዘግቷል። ጂራታ ቤቱ ሄደ አልኩ።»

«ከዚያስ?»

«መግሪብ ሲሆን እኔ ቤት ሄድኩ፣ ላፈጥር። የቀን ዘበኛ ነኝ። ጠዋት መጣሁ፣ ውሃ አለ።» ቀና አለ። «ወላሂ ከጂራታ ተጣላሁ። ግን እሱ ራሱ ከዚር ይጠጣ ነበር። ሁልጊዜ ‹አላህ ይማረው› ይላል፣ ለአባቴ። ክርስቲያን ሆኖ ይላል። እንዴት ነው የምገድለው?»

«ለምን አትበላም?»

«ሬሳ ያለበት ውሃ ይመስለኛል፣ ሁሉ ነገር።»

*

ክንፈ ሐሙስ ጠዋት ከፓዌ ሰሊጥ ጭኖ ሲመለስ ቀጄላ የመኪናው በር ላይ ጠበቀው። ከባዶ ገንዳ የሚከስር ሰው ቢኖር እሱ ነው፤ ውሃ ከሌለ ሁለቱ ፎቆች ይፈርሳሉ።

«ጉድጓድህ ውሃ አለው?»

ነጋዴው ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስልሳ ሜትር ወረድን። ድንጋይ። ሌላ ቦታ ሞከርን። ድንጋይ። መሬቱ እምቢ አለ፣ ወንድሜ። እኔ ምን ላድርግ?»

«ፎቁን ከመጨረስህ በፊት ነው በኋላ ያወቅከው?»

ክንፈ ከንፈሩን ነከሰ። «በፊት።»

«ታዲያ ረቡዕ የፈሰሰው ውሃ ከየት መጣ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ውሃ ፈሰሰ ሲሉኝ ተአምር መስሎኝ ለታቦት ተስያለሁ! ሬሳ አለበት ሲሉኝ ደግሞ ሌሊቱን ነድቼ መጣሁ። እሑድ ከአሶሳ ስወጣ ገንዳው ደረቅ ነበር።»

«ጂራታ ያውቅ ነበር?»

«ጂራታማ አልቅሶብኛል። ‹ይመጣል ተብዬ አስቀድሜ ፈረምኩ፤ ውሸት ሆነ፤ ከምረቃው በፊት ፊርማዬን አነሣለሁ› አለኝ። ለመንኩት። ‹ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው ሲሰለፉ ምን ብዬ አያቸዋለሁ?› አለ።»

ቀጄላ ወደ ፓዌ በሬዲዮ ጠየቀ። ክንፈ ከእሑድ ማታ አንሥቶ ከመጋዘኑ አልራቀም፤ ሦስት ጫኞችና አንድ ፖሊስ መሰከሩለት። አንድ የተከፈተ በር እንደገና ተዘጋ። አርብ ሊነጋ አንድ ሌሊት ቀርቶታል።

*

ዐስር ሰዓት ሲሆን የሕንፃው ጥላ መንገዱን አቋርጦ ከማዶ ከማንጎ ዛፍ ሥር ካለው የኢቲዳል ዚር ይደርሳል። ቀጄላ ይህን ያየው ያን ቀን ነው። አሮጊቷ ከሩቅ ተሸክማ ያመጣችውን ውሃ ቀስ ብላ ወደ እንስራው ስታንቆረቁር ከንፈሯ በጥማት ነጥቷል።

«ራስሽ ጾመሽ ለሌላ ውሃ ትቀጃለሽ?»

«የጾመ ሰው ነው ውሃን የሚያውቅ። አሁን ቀዳሁ፣ መግሪብ ድረስ ይቀዘቅዛል።» ቀና ብላ ጥላውን አየች። «ድሮ እዚህ ፀሐይ ነበረች። በርበሬ አሰጣ ነበር። ‹ጥላውን ቻዪ፣ ውሃ ይመጣል› አሉኝ። ጥላ መጣ።»

ቀጄላ ጎንበስ ብሎ ጣሳውን አነሣ። ክዳኑ ላይ በአፉ ተደፍቶ ተቀምጧል።

«ማክሰኞ በዚህ ሰዓት እዚህ ነበርሽ?»

«ቀድቼ ሄድኩ፣ ለሶላት። ስመለስ…» ፊቷ ጨለመ። «መጥፎ ነገር አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም። የባሌ ነገር ነው።»

«ንገሪኝ፣ እናቴ።»

«ሰፈሩ ሁሉ ጾሟል። በዚያ ሰዓት ማንም አይጠጣም። የጂራታ ሃይማኖት ያለው ብቻ ይጠጣል፤ እሱ ደግሞ ያውቃል። እኔ ስመጣ ጣሳው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ንጹሕ! ታጥቧል። መሬቱ ደግሞ እርጥብ ነው። አንድ ሰው ጠጥቶ፣ ጣሳውን አለቅልቆ ውሃውን ደፍቷል። የሙት ውሃ አይደፋም! የተረፈህን ትጠጣለህ፣ ወይ ወደ ዛፉ ሥር ትሰጣለህ። መንገድ ላይ ማን ይደፋል? ‹ባሌ ተቀየመኝ፣ አንድ ነገር ሊመጣ ነው› አልኩ። መጣ።»

ነፋሱ ከላይኞቹ ፎቆች አፏጨ። ቀጄላ ጣሳውን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አንድ እጅ በዓይነ ሕሊናው መጣበት፤ ማሰሮ ያነሣል፣ ጥቂት ውሃ ያሽከረክራል፣ በመስኮት በኩል አበባ ላይ ይደፋል።

ልማድ ማስረጃ አይደለም። ከማንቡክ በኋላ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ስለዚህ ወደ ዋኘው አልሄደም፤ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ጋራዥ ሄደ። የመንገድ አቧራ የምታርሰው የውሃ ቦቴ የለችም።

«ሹፌሩ ዳበሳ ይዟት ካማሺ ሄደ» አለው የጋራዡ ዘበኛ። «ረቡዕ ሳይነጋ። ‹አሁኑኑ ውጣ› ተባለ። ካማሺ ምን የሚረጭ መንገድ አላት?»

የካማሺ ፖሊስ ጣቢያ ሬዲዮ ለሁለት ሰዓት ያህል ከተንጫጫ በኋላ የዳበሳ ድምፅ ከሩቅ ተሰማ።

«አዎ፣ ማክሰኞ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ከወንዝ። ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ።»

«ማን አዘዘህ?»

«ጋሼ ዋኘው ናቸዋ። በአሥራ አንድ ሰዓት እቤቴ ድረስ በእግራቸው መጡ። ‹ለነገ ምረቃ ጉድጓዱ ተበላሽቷል፤ ሕዝብ ፊት እንዳናፍር› አሉኝ። የስንት ሰው ባለውለታ ናቸው፣ እምቢ ልበል?»

«ገንዳውን ማን ከፈተው?»

«ራሳቸው። ሰፈሩ ለማፍጠር ገብቷል፤ ሰው አልነበረም። ‹አንተ መኪናው ጋ ሁን› ብለው ቱቦውን ራሳቸው ያዙ።» ድምፁ ተቋረጠና ተመለሰ። «ቱቦው ይከብዳቸዋል ብዬ ‹ልያዝልዎ› ብላቸው ጮኹብኝ። ጮኸው አያውቁም። ምነው፣ አንድ ነገር ሆነ እንዴ?»

*

አርብ ጠዋት ዋኘው እንደ ወትሮው ማሰሮውን አነሣ፤ ጥቂት ውሃ ብርጭቆው ውስጥ አሽከረከረ፤ እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ።

«ማክሰኞም ከዚሩ ጠጥተው እንዲሁ ደፉት» አለ ቀጄላ።

እጁ በአየር ላይ ቆመ።

«በዐስር ሰዓት። በጾም ቀን። ለሙት የተቀመጠ ውሃ እንደማይደፋ አላወቁም። ከዚያ በአሥራ አንድ ሰዓት ባምባሲ ነኝ ያሉት ሰው ዳበሳ ቤት ነበሩ። ዳበሳን ትናንት አነጋግሬዋለሁ።»

ዋኘው ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ።

«ስብሰባው ቀድሞ አለቀ» አለ። «ጂራታን ገንዳው ላይ አገኘሁት። ቀርከሃውን ከታች አውጥቶ አሳየኝ፤ እንደ ልጅ። ‹እየው፣ ዱቄት ነው› አለኝ። ፊርማውን የሚያነሣበትን ደብዳቤ ጽፎ ይዟል። ‹አንድ ዓመት ስጠኝ› አልኩት። ‹ሰባቱን ውሎች አስብ፤ ትምህርት ቤቱን፣ ክሊኒኩን አስብ፤ ለአንድ ደረቅ ጉድጓድ ብለህ ሰባት እውነት ትገድላለህ?› እሱ ደግሞ ‹ሰማዩን ሰጥተናል፤ እሱን መልሰን አናገኘውም። ውሃውንም ካልሰጠን ሌቦች ነን› አለኝ። ደብዳቤውን ልነጥቀው ያዝኩት። ገፋሁት። ክዳኑ ክፍት ነበር።»

«ከዚያ?»

«ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ምንም። ስሙን ጠራሁ። ክዳኑን ዘጋሁት። ውሃ ጠማኝ፤ መንገዱን ተሻግሬ ጠጣሁ።» እጆቹን ተመለከታቸው። «ውሃ ከሞላ ሰምጦ ሞተ ይባላል አልኩ። ልጁ ይታሰራል ብዬ አላሰብኩም። ሲታሰር ግን ዝም አልኩ።»

ቀጄላ ተነሣ። ዋኘው ግን አልተነሣም፤ ከሥር ወደ ላይ ተመለከተው።

«አንድ ነገር ንገረኝ። ቱቦውን ይዤ ስሞላ ውሃው አንድ ነገር እየነካ ይወርድ ነበር፤ ይሰማኛል። ከዚያ ወዲህ የትም ብቀመጥ ያ ድምፅ አይለቀኝም። ውሃው ሲገባ… በሕይወት ነበር?»

መልሱ ቀጄላ ኪስ ውስጥ፣ ከሐኪሙ ወረቀት ላይ ነበር። ዝም ቢል ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ያን ቱቦ ይዞ እንደቆመ ይኖራል፤ ይገባዋልም የሚል ሐሳብ መጣበት። ነገር ግን እሱም አንድ ጥያቄ ነበረው፤ ቡሴ በዚያች ሌሊት ሰው ተጣርቶ ይሆን? የሚመልስለት ሰው አላገኘም።

«ሞቶ ነበር» አለ።

«ልታጽናናኝ ነው?»

«ማጽናናት አልችልበትም። ወረቀቱ ይኸው።»

*

ያን ዕለት ለመግሪብ ጥቂት ሲቀር ቀጄላ ወደ ማንጎው ዛፍ ሄደ። ዐዋጢፍ ጋቢውን እንደ ለበሰ ከእናቱ አጠገብ ተቀምጧል። ከአሮጌው ዚር ጎን፣ ጭቃው ገና ያልጠቆረ ሌላ ዚር ተተክሏል።

ቀጄላ ደነገጠ። «ሌላ የለኝም ብለሽኝ አልነበር?»

«ከጎረቤት ለመንኩ። ይሄ ለጂራታ ነው» አለች ኢቲዳል። «ዚሬን ሊያስነሣ ነበር፤ ግን ውሃ የለም ብሎ እውነት ተናገረ። እውነት ለተናገረ ሰው ውሃ ይገባዋል።»

ከማዶ ስድስቱ ቧንቧዎች ደርቀው ተሰልፈዋል። በላያቸው የተሸጠው ሰማይ፣ መስኮት በሌላቸው ሁለት ፎቆች ተይዞ ያፏጫል። የሚያፈርሰው እንደሌለ ሁሉም ያውቃሉ።

አዛኑ ተሰማ። እናትና ልጅ ቴምር ቀምሰው ውሃ ጠጡ፤ ዐዋጢፍ ከሦስት ቀን በኋላ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዋጠ። ኢቲዳል ጣሳውን ሞልታ ለመርማሪው ዘረጋችለት።

«ስትጠጣ ስም ጥራ። ከሁለቱ አንዱን። ወይ ያንተ ሙት ካለ የሱን።»

ቀጄላ ጣሳውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከጀርባው የቆመው ሰው፣ አምስት ዓመት ሙሉ ተራውን የጠበቀው፣ አንድ እርምጃ የተጠጋ መሰለው።

«ቡሴ» አለ። ያን ስም ከማንቡክ ወዲህ በአፉ ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር። «አላህ ይማረው። ዋቃ ይማረው። እኔንም።»

እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣ፤ ጣሳውንም አፉን ደፍቶ ክዳኑ ላይ አስቀመጠው።